ሁለት ሲም፣ አንድ መንገድ፦ የቴሌኮም ገበያው መከፈት ከአንዲት የባሕር ዳር ኅትመት ቤት ሲታይ

ራውተሩ የሚቀመጠው መስኮቱ ጠርዝ ላይ ነው። እትዬ ሌላ ቦታ እንዲዛወር አይፈቅዱም። ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ከገባ ምልክቱ እንደሚደክም ከእኔ በፊት የደረሱበት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ቤቷ ባሕር ዳር፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ካምፓስ ብዙ የማትርቅ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤት ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ ወረቀት በጎረሰ ቁጥር የሚያቃስት ማተሚያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ መጠረዣና ለደንበኛ የሚሆኑ ሁለት በርጩማዎች አሏት። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስለ ኢትዮጵያ የቴሌኮም ገበያ መከፈት የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከአዲስ አበባ የተጻፈ ነው፤ ዶላርና የደንበኛ ብዛት ይበዛበታል። ያም አስፈላጊ ነው፣ እኔም እጠቅሰዋለሁ። ነገር ግን አንድ ፖሊሲ ምን እንደሠራ ለማወቅ ኢንተርኔት ሲመጣና ሲሄድ የዕለት ገቢያቸው ከሚወጣና ከሚወርድ ሰው አጠገብ መቀመጥ ይሻላል። ከዚህች ቤት ያየሁት ባጭሩ ይህ ነው፦ ሁለተኛው ኩባንያ፣ ሳፋሪኮም፣ ሲመጣ ዋጋ ላይ ምርጫ አገኘን፤ አንዱ ሲቋረጥ በሌላው እናልፋለን ያልነው ግን አልሆነም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማወቅ ለእኛ አሥራ አንድ ወር ገደማ በቃን።

የጀርባው ክፍል

ቤቷ ስትከፈት የኅትመት ቤት አልነበረችም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስልክ ማስደወያ ነበረች፦ በኮምፔንሳቶ የተከፈሉ ሁለት ጠባብ ሳጥኖች፣ በየሳጥኑ አንድ ስልክ፣ በእትዬ ፊት ደግሞ ደቂቃ የሚቆጥር መሣሪያ። ከዚያ ኮምፒውተር ገባ። ከኮምፒውተሩ ጋር የጆሮ ማዳመጫ መጣ፤ አሜሪካና ዐረብ አገር ልጅ ያላቸው እናቶችም የስልኩን ሳጥን ትተው ወደ ጀርባው ክፍል ማምራት ጀመሩ። በኢንተርኔት የሚደረገው ጥሪ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም የራስን ቃል መልሶ ያሰማል። ዋጋው ግን ከመደበኛው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ያ የጀርባ ክፍል፣ በትንሹም ቢሆን፣ አማራጭ መረብ ነበር። ሕጉም እንደዚያው ነበር ያየው። በአዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ መስጠት ቀድሞውንም ተከልክሎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ቅጣቱን አከበደው፦ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠት ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከድርጅቱ መሠረተ ልማት ውጭ የራስን መሠረተ ልማት መዘርጋት ወይም እሱን አልፎ መሄድ ከ10 እስከ 20 ዓመት። የእትዬ የጆሮ ማዳመጫዎች በፌስታል ተጠቅልለው ቁም ሣጥን አናት ላይ ወጡ። አሁንም እዚያው ናቸው።

መንግሥት የሚያቀርበው ምክንያት ባዶ አልነበረም። ከውጭ አገር ጥሪ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ገጠር የሚገባው መስመርም የሚሠራው ከዚያ ትርፍ ነው ይባል ነበር። ብቸኛው ድርጅት ተኝቶም አልነበረም። ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር በ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በድምሩ በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የማስፋፊያ ስምምነት ተፈርሟል። በመካከሉ፣ በኅዳር 2003 ዓ.ም.፣ የቀድሞው ኮርፖሬሽን ኢትዮ ቴሌኮም ሆኖ በአዲስ መልክ ሲቋቋም አስተዳደሩ ለሁለት ዓመት ለፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም ተሰጥቶ ነበር። መስመሩ እየሰፋ ሄደ፣ በሩ ግን ያው አንድ ነበር። በምኒልክ ዘመን ስልክ ከገባ አንሥቶ ከ120 ዓመት በላይ በዚያው በር ገባን፣ በዚያው ወጣን።

በር ሲከፈት

ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ቴሌኮምን ጨምሮ ትልልቆቹን የመንግሥት ድርጅቶች በከፊል ለግል ባለሀብት ክፍት ለማድረግ መወሰኑ ተነገረ። እትዬ ያንን ዜና የሰሙት ከሬዲዮ ነው፤ ያመኑት ግን ሦስት ወር ቆይተው ነው። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን በ40 በመቶ ቀነሰ። ተፎካካሪው ገና ስሙ አይታወቅም፤ አንድም ማማ አልተከለም፤ ሕጉም አልወጣም። ጥላው ብቻ መጥቶ ዋጋ አወረደ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ስለ ውድድር ከሚነገረው ውስጥ እኔን በጣም የሚያሳምነኝ ይኸው ነው።

ሕጉ በ2011 ዓ.ም. ወጣ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ። ዳኛው ከተጫዋቹ ተለየ ማለት ነው። የመስመር ማገናኘት፣ መሠረተ ልማት መጋራት፣ የሬዲዮ ሞገድ ምደባ፣ ሁሉም ሕግ ተበጀላቸው። ቀጥሎ ጨረታ ወጣ። ሊሰጡ የታሰቡት ሁለት ፍቃዶች ነበሩ። ሚያዝያ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ፖስታው ሲከፈት የቀረቡትም ሁለት ብቻ ሆኑ፦ ሳፋሪኮም፣ ቮዳኮም፣ ቮዳፎን፣ የእንግሊዙ ሲዲሲና የጃፓኑ ሱሚቶሞ ያሉበት ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር፣ የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ደግሞ 600 ሚሊዮን ዶላር። ግንቦት 14 ፍቃዱ ለመጀመሪያው ተሰጠ፤ የሁለተኛው ዋጋ አነሰ ተብሎ ተመለሰ።

ለምን ሁለት ብቻ? መልሱ ጨረታው ምን እንዳስቀረ ሲታይ ይገኛል። አዲስ የሚገባው ኩባንያ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እንዳይሰጥ ተከልክሎ ነበር፤ ማማ አቁመው ለሁሉም የሚያከራዩ ሌሎች ኩባንያዎችም አልተፈቀዱም። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች አዲስ ኩባንያ ሲገባ ማማውን ከሦስተኛ ወገን ይከራይና በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ከተማ ይደርሳል። እዚህ የነበረው ምርጫ ራስህ ትከል ወይም ከተፎካካሪህ ተከራይ የሚል ነው። አንድ ሰው አጠገብህ ሱቅ እንዲከፍት ፈቅደህ ሚዛኑን ከአንተ ተከራይቶ ይመዝን እንደ ማለት ነው። ተከራይቶ መመዘን ይቻላል፣ ተችሏልም፤ የኪራዩ ድርድር ግን ቀላል እንደማይሆን የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ዜሮ ሰባት

ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የሳፋሪኮም ሙከራ ተጀመረ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በይፋ ተመረቀ። ባሕር ዳር ከምረቃው ቀን በፊት አገልግሎቱ ከተጀመረባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ከአዲስ አበባ በፊት አንድ ነገር እኛ ጋ መድረሱ ብርቅ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ በዜሮ ሰባት፣ በአዲሱ ኩባንያ ቁጥር፣ ይደዋወል ነበር፤ ሌላ የሚናገረው ባይኖረውም «ከዜሮ ሰባት ነው የምደውልልህ» ለማለት።

ሻጮቹ አረንጓዴ ጃንጥላ ይዘው ነው የመጡት። መታወቂያ ያያሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ሲም ይሰጣሉ። እትዬ በሦስተኛው ቀን ወጥተው አንድ ገዙ፤ ሲመለሱም «እስኪ ይህንንም እንየው» ብለው ለእኅታቸው ልጅ ሰጡት። ልጁ ራውተሩ ውስጥ ከተተው፣ አንድ ፋይል አወረደ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና ሌላ አወረደ። እትዬ ምንም አላሉም። በነጋታው ግን ዜሮ ዘጠኙ፣ የኢትዮ ቴሌኮሙ ሲም፣ ከራውተሩ ወጥቶ ወደ ትንሿ ስልካቸው ገባ።

የሚደንቀው የተዉት ነገር ሳይሆን ያልተዉት ነው። ዜሮ ዘጠኝን አልጣሉም፣ ሊጥሉም አይችሉም ነበር። አንደኛ፣ ከበሩ በላይ ያለው የታፔላ ጽሑፍ ላይ ለዓመታት የቆየው ቁጥር እሱ ነው፤ የተመረቁ ተማሪዎች ከደብረ ማርቆስም ከወረታም የሚደውሉት በሱ ነው፤ ቁጥርን ይዞ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው መዛወር ደግሞ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ገንዘባቸው ያለው እዚያ ነው። ቴሌብር የተጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፣ ፍቃዱ ለአዲሱ ኩባንያ ከመሰጠቱ 11 ቀን ቀድሞ። ተማሪው የኮፒውን በቴሌብር ይከፍላል፤ እትዬ የወረቀቱን ለአከፋፋዩ በቴሌብር ይከፍላሉ። አዲሱ ኩባንያ የሞባይል ገንዘብ ፍቃድ ያገኘው በግንቦት 2015 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ለቴሌኮም ባለሙያ ቁጥር ነው፤ ለባለ ሱቅ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ በቅናሽ ብቻ አይነቀልም።

ስለዚህ ከተማው ባለ ሁለት ሲም ሆነ። ጥሪና ገንዘብ በዜሮ ዘጠኝ፣ ዳታ በዜሮ ሰባት፤ የአንዱ ጥቅል ከሌላው ሲረክስ መገለባበጥ። እትዬ በየሳምንቱ የሁለቱን የጥቅል ዋጋ በእርሳስ ጎን ለጎን ይጽፉ ነበር። ከዚያች ደብተር ገጽ የበለጠ ስለ ውድድር የሚያስረዳ ሰነድ እስካሁን አላየሁም። የዘጌ ጀልባ ነጂ ደንበኛቸው ደግሞ ሌላ ስሌት ነበረው። ሁለቱንም ስልኮች ይዞ ሐይቁ ላይ ይወጣል፤ ወደብ ሲቃረብ የሁለቱም ምልክት ይበረታል፣ መካከል ሲገባ አንዱ ይቀድማል። ቱሪስት ይዞ ገዳማቱን ለመጎብኘት ሲሄድ የትኛው የት ላይ እንደሚያልቅ እንደ መዳፉ ያውቀዋል። «ሁለት መቅዘፊያ ያለው አይሰጥምም» ይል ነበር። በዚያን ጊዜ እኔም የማምነው ይህንኑ ነበር።

ከምልክቱ በታች ያለው

ሐሳቡ ስሕተት የነበረበትን ቦታ ለማየት ወደ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ወደ ማማው ሳይሆን ወደ መብራት መስመሩ።

ከጣና በለስ የሚመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር በባሕር ዳር በኩል ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀ ጣቢያ ነው። ሌላው መስመር፣ የ230 ኪሎ ቮልቱ፣ ከባሕር ዳር በጎንደርና በመተማ በኩል አልፎ ሱዳን ይገባል። በእነዚህ የብረት ምሰሶዎች አናት ላይ፣ ከወፍራሞቹ ገመዶች በላይ፣ ከጫፍ ጫፍ የሚዘረጋ አንድ ቀጭን ሽቦ አለ። ሥራው መብረቅ ተቀብሎ ወደ ምድር ማውረድ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሆዱ ውስጥ ያለውን ነው፦ ከፀጉር የማይወፍሩ የመስታወት ክሮች አሉበት፤ በክሮቹ ውስጥ ብርሃን ይሮጣል፤ ብርሃኑም የእኛ ፎቶ፣ መልእክትና ጥሪ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅቱ የተከለው ጣቢያዎቹን ለመቆጣጠር ሲሆን የተረፈውን ክር ለቴሌኮም ያከራያል። ነባሩም ተከራይቶታል፣ አዲሱም።

ስለዚህ በአገሪቱ ከቴሌኮም ድርጅቱ ውጭ በባለቤትነት የተያዘ ረጅም መረብ ካላቸው አንዱ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። ገበያው ሲከፈት አዲሱ ኩባንያ ፋይበር ከባዶ ሳይቆፍር ከተማ ከከተማ እንዲያገናኝ የረዳው አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ አማራጭ መረብ ሲባል በተግባር ምን እንደሆነ ለማሳየትም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ነገር ግን ይህ አማራጭ የመንግሥት ነው፣ ተከራዮቹ ሁለቱም ናቸው፣ ምሰሶውም አንድ ነው። ከላይ ሁለት ስም ያላቸው መንገዶች ታች ሲወርዱ ብዙ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ከአገር ስንወጣም በር የለንም፤ ባሕር ስለሌለን ገመዱ የሚሄደው በጅቡቲ፣ በኬንያ ወይም በሱዳን አድርጎ ነው።

ዩኒቨርሲቲውም የራሱ መረብ አለው ይባላል። የትምህርትና የምርምር ተቋማትን የሚያገናኘው ኢተርኔት፣ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ያገናኘው ወረዳኔት፣ ሁለቱም በስማቸው የተለዩ ናቸው። ይህን የሰማ ሰው አማራጭ በሽ ነው ሊል ይችላል። የተሸከማቸው ገመድ ግን በአብዛኛው ያው የነባሩ ገመድ ነው።

ምልክቱ ሙሉ ነው

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ።

እትዬ የደወሉልኝ ጠዋት ነው። «ና እስኪ፣ ራውተሩ ታሟል» አሉ። ሄድኩ። ራውተሩ ጤነኛ ነው፤ መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል። ዜሮ ሰባቱን አወጣሁና ዜሮ ዘጠኙን አስገባሁ። እንደ ወትሮው ምልክቱ ሙሉ ሆነ። ገጹ አልከፈት አለ። ልጁ ከጀርባዬ ቆሞ «ሁለቱም እኮ ሙሉ ናቸው» አለ። ሙሉ ናቸው፣ ማማው ይሠራል፣ ስልክ ይደወላል፤ ውስጡ ግን የለም። እትዬ ሁለቱን ሲሞች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አድርገው ለጥቂት ጊዜ አዩአቸው፤ ከዚያም አንዱን በስኮች ቴፕ ደብተሩ ሽፋን ላይ ለጠፉት።

ይህን ስጽፍ አንዱን ኩባንያ ከሌላው ለይቶ መውቀስ አይታየኝም። ፍቃድ ያለው ኩባንያ ሁሉ ፍቃዱን የሰጠው መንግሥት ሲያዘው ያጠፋል፤ የትም አገር እንደዚያ ነው። ጥር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ግብፅ ውስጥ በሕዝባዊው ዐመፅ ወቅት መስመር ሲዘጋ ቮዳፎን በአገሩ ሕግ መሠረት ትእዛዙን የመፈጸም ግዴታ እንዳለበት ተናግሮ ነበር። ያው ቮዳፎን እኛ ጋ በገባው ጥምረት ውስጥ አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ገደማ ሲዘጋ የነበረው ድርጅት አንድ ብቻ ስለሆነ ብዙዎቻችን ምክንያቱ የአንድ መሆኑ ይመስለን ነበር። አሁን ሁለት ሆኑ። ሲጠፉም አብረው ጠፉ። ውድድር የዋጋ መድኃኒት ነው፤ ለዚህኛው ሕመም አልተሠራም።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ቤቷ ወደ 1990ዎቹ ተመለሰች። ተማሪ የሚታተም ጽሑፍ በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ከኢሜይል አውርዱልኝ የሚል ጠፋ። የውጤት ማያ፣ የፓስፖርት ቀጠሮ መያዣ፣ የሥራ ማመልከቻ መላኪያ፣ ሁሉም ቆመ። ጥሪው በከተማው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራ ስለነበር እትዬ ለአዲስ አበባ ዘመድ እየደወሉ ቁጥር በቃል ያስገቡ ነበር።

ከዚያ የዲቪ ጊዜ ደረሰ። ይህን ላልኖረበት ማስረዳት ይከብዳል፦ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይሞላ የነበረው የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ ለእንዲህ ያሉ ቤቶች መኸር ነበር። በ2016 ዓ.ም. እትዬ አንድ አዲስ ደብተር ከፈቱና ቅጹን በእጅ አሰመሩት፦ ስም በፓስፖርት አጻጻፍ፣ የትውልድ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የትውልድ ከተማ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የልጆች ስም። ፎቶው በነጭ መጋረጃ ፊት ይነሣል፣ 600 በ600 ሆኖ ይቆረጣል፣ በተራ ቁጥሩ ተሰይሞ ፍላሽ ላይ ይገባል። ደብተሩና ፍላሹ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ይላካሉ፤ መንገዱ እንደ ቀኑ ነው፣ አንዳንዴ በአውሮፕላን ብቻ። እዚያ አንዲት የዘመድ ልጅ ሌሊት እየተነሣች ትሞላለች። የምትልከው መልስ የማረጋገጫ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ከጠፋ ዕጣው ቢወጣም ማየት ያስቸግራል። ቁጥሩ ደግሞ ረጅም ነው፣ ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት፤ በስልክ ሲነገር የእንግሊዝኛው ቢ ዲ ይሆናል፣ ኤም ኤን ይሆናል። ልጁ በመጨረሻ በየፊደሉ የከተማ ስም ማለት ጀመረ፦ «ቢ ለባሕር ዳር፣ ዲ ለደሴ»። አንድ ቀን እኔም ተረኛ ሆኜ ስቀበል ዋልኩ። «ጂ ለጎንደር ነው ለጅማ?» የሚለው ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር አልቆመም። በዜሮ ዘጠኙ ስልክ ላይ *127# ብሎ የሚደውል ሰው ብር መላክ ይችል ነበር። ምክንያቱ ቴክኒክ ነው፦ ይህ ዓይነቱ ኮድ የሚሄደው በሞባይል ዳታ አይደለም፤ የጥሪው ምልክት በሚሄድበት መስመር ነው። አዲሱ ተፎካካሪ የሞባይል ገንዘቡን በአገር ደረጃ ያስጀመረው በዚያው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። በሌላ ከተማ በማስታወቂያና በጉርሻ ደንበኛ ሲሰበስብ፣ እዚህ የሚያቀርበው ትልቁ ነገር፣ ፈጣኑ ዳታ፣ ጠፍቶ ነበር። እትዬ አልፈረዱበትም። «በሰርግ ቀን ዝናብ የጣለበት ሙሽራ» አሉት።

ሌላው የተረፈው በገመድ የገባው ኢንተርኔት ነው፤ እሱም ባለባቸው ጥቂት ቤቶችና ሆቴሎች። በሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ አንድ ማኪያቶ አዝዘው ሦስት ሰዓት የሚቀመጡ ወጣቶች በዙ። አስተናጋጁ ሲሰለች የይለፍ ቃሉን ይቀይራል፤ አዲሱን ለማግኘት ሌላ ማኪያቶ ይታዘዛል። ጀልባ ነጂውን እዚያ አገኘሁት። ቱሪስት የለም፤ ሁለቱ ስልኮቹ ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል፤ ከአንድ ጀርመናዊ የቀድሞ ደንበኛው የመጣ የድምፅ መልእክት እስኪወርድ ይጠብቃል። ስለ ሁለቱ መቅዘፊያዎች አላነሣሁበትም።

ከዚያ ወዲህ

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በተወሰኑ ከተሞች የሞባይል ኢንተርኔት ሲመለስ ባሕር ዳርም አገኘች። በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 22፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። ማማውንና መሣሪያውን በዶላር ገዝቶ በብር ለሚሸጥ አዲስ ኩባንያ ይህ ከባድ ዱላ ነው። ሦስተኛው ፍቃድ በተደጋጋሚ ለጨረታ ቢታሰብም ሁለት ብቻ ሆነን ቆየን፤ የኢትዮ ቴሌኮምን 45 በመቶ ሊገዛ ይፈልግ የነበረው የፈረንሳዩ ኦሬንጅም ሐሳቡን ለወጠ።

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለኢትዮጵያውያን ሽያጭ አቀረበ፦ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። እትዬ አስቡበት፣ ደብተር ላይም አሰሉት። በመጨረሻ በዚያ ገንዘብ ላይ ጨምረው መታወቂያ ማሸጊያ ማሽን ገዙ። ትርፉ በዕለቱ ይታያል አሉ፤ ልከራከራቸው አልሞከርኩም።

የተማሩት ነገር ግን ሌላ ነው። አሁን የሚገዙት በዋጋ ብቻ አይደለም። አንድ መስመር ሲመርጡ የሚጠይቁት ጥያቄ ተለውጧል፦ ስንት ነው ብቻ ሳይሆን በየት በኩል ነው የሚመጣው። ይህ ጥያቄ በጨረታው ሰነድ ውስጥ ቢገባ ኖሮ፣ ማለትም ማማ አከራይ ቢፈቀድ፣ በገመድ የሚገባ ኢንተርኔት ለትንሽ ነጋዴ ቢረክስ፣ የኤሌክትሪኩ ክር ለአነስተኛ የአካባቢ አቅራቢዎችም ቢከራይ፣ ሳተላይት መጠቀም ልዩ ፍቃድ የሚጠይቅ ብርቅ ነገር ባይሆን ኖሮ፣ የነሐሴውን መቋረጥ ሙሉ በሙሉ ማስቀረቱን እጠራጠራለሁ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ግን የመብራት መቆራረጡን፣ የማማ ብልሽቱን፣ የገመድ መቆረጡን፣ ከፖለቲካ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን የዕለት ተዕለቱን መጥፋት ይቀንሰው ነበር። ከእትዬ ደብተር እንደማየው ከሥራ ያስተጓጎላቸው ቀን ሲቆጠር ይህኛው ትንሽ አይደለም።

ባለፈው ወር ለቤቷ የፋይበር መስመር አመለከቱ። ሠራተኞቹ መሰላል ይዘው መጡ። ገመዱን ከመንገዱ ማዶ አምጥተው ምሰሶው ላይ ካሰሩት በኋላ በመስኮቱ በኩል፣ ራውተሩ ካለበት ጠርዝ፣ ወደ ውስጥ አስገቡት። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና «ምሰሶው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የመብራት ነው እማማ፤ ገመዱ ነው የእኛ» አለ ወጣቱ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ።

ወደ ውስጥ ገብተው ደብተራቸውን አወጡና ጻፉት።